ሻፊ ሰነቴን የተሻገረበት ሰዓት

ሮቤ ለቁጣ እንግዳ አይደለችም። ባጃጅ ነጂዎቿ በቀን አርባ ጊዜ ይቆጣሉ፤ የጋሪ ፈረሶቿ እንኳ ገበያ በዋለ ቁጥር ይቆጣሉ። ያን እሑድ ከሰዓት በኋላ ብስክሌት ጠጋኙ ሻፊ የተቆጣውን ዓይነት ቁጣ ግን ከተማዋ ከተቆረቆረች ወዲህ ያየው የለም። የሱቁ ጣሪያ ተንገጫገጨ። ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት የብስክሌት ጎማዎች ተወዛወዙ። ማዶ ያለችው ሻይ ሻጭ ጦርነት የመጣ መስሏት በሯን ገርበብ አደረገች።

ይህን ሁሉ ያመጣው አንድ ወረቀት ነው።

ወረቀቱን የለጠፈችው ሌንሳ ናት፤ የብስክሌት ክለቡ ጸሐፊ፣ በሥራዋ የሒሳብ አስተማሪ። ክለቡ ጥር ላይ ከሮቤ ተነሥቶ፣ በጎባ አልፎ፣ የሰነቴን አምባ ተሻግሮ፣ በሃረና ጫካ ቁልቁል ዶሎ መና ድረስ ሊጋልብ ነው። አሥራ አንድ አባላት በሻፊ መጠገኛ ሱቅ ውስጥ ጎማ ላይ፣ ሣጥን ላይ፣ አንዱም በተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጠዋል። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ግልጽ ነው። የመጀመሪያው ቀን ከሮቤ እስከ ሪራ፤ አዳር ሪራ። ሁለተኛው ቀን ከሪራ እስከ መና። ከታች ደግሞ በትንሹ፦ «ኦቦ ሻፊ፣ ከመለዋወጫው ጋር መኪና ላይ።»

«መኪና ላይ?» አለ ሻፊ። «እኔ? እንደ ድንች ጆንያ?»

«ጎማ የሚለጥፍ ሰው መኪናው ላይ ያስፈልገናል» አለች ሌንሳ። «ከእርስዎ የተሻለ እጅ የለም ብዬ ነው፣ ኦቦ ሻፊ።»

«ይህ ማሞገስሽ ነው መቅበርሽ? ይህን ክለብ ማን መሠረተው? የመጀመሪያዋን ብስክሌት ከቁርጥራጭ ብረት ማን ገጣጠማት? ሕፃን ሆነሽ ባለ ሦስት እግሯን ማን ጠገነልሽ?»

«እርስዎ።»

«እና እኔ ነኝ መኪና ላይ የምጫነው? ደግሞ ሁለት ቀን ማለት ምንድን ነው? ሰነቴን ለመሻገር ሁለት ቀን! ከብት ነው እንዴ የምንነዳው? እኔ ከጎባ መና በአንድ ቀን ገብቻለሁ! ማርሽ በሌላት ብስክሌት! ሰነቴ ይመስክር!»

ሰነቴ አይመሰክርም። ይህን ከሻፊ በላይ የሚያውቅ የለም።

ነገሩ የሆነው በዘጠና ሁለት ዓመተ ምሕረት ነው። ሻፊ የሃያ ስድስት ዓመት ጎረምሳ ነበር፤ ከጎባ በንጋት ወጣ። መጀመሪያ ጋለበ፣ ቀጥሎ ገፋ፣ በመጨረሻ ብስክሌቷን እንደ ታመመ ጥጃ እየጎተተ አዘገመ። የአስታው ጫካ የሚያልቅበት ኩርባ ላይ በረዶ ወረደበት። ሞቶ ይቀር ነበር፤ ቡና ሊጭን ባዶውን ወደ መና የሚወርድ አይሱዙ ደረሰለት። እጁ መሪው ላይ ደርቆ ስለቀረ ሾፌሩ ጣቶቹን አንድ በአንድ ነበር የነቀለለት። ሰነቴን የተሻገረው ሸራ ተከናንቦ፣ ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ ነው፤ አንዲት የጅብራ ተክል እንኳ አላየም። ሃረና አፋፍ ላይ አወረዱት፤ ከዚያ ቁልቁለቱ ራሱ ይዞት ወረደ። መና ሲገባ ግን ሕዝቡ ያየው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ጭቃ የለበሰ ጎረምሳ በብስክሌት ከሰማይ ሲወርድ። «ከጎባ ነው?» አሉት። «ከጎባ» አላቸው። ይህ ውሸት አልነበረም። አይሱዙዋን ብቻ ረሳት።

ከዚያ ወዲህ ወሬው በራሱ እግር ሄደ። መጀመሪያ ጉዞው አሥራ አንድ ሰዓት ፈጅቶ ነበር። ከአምስት ዓመት በኋላ ዘጠኝ ሆነ። የሻፊ ጢም በሸበተ ቁጥር ጉዞው እየፈጠነ፣ አምና ሰርግ ቤት ሲያወራው ስድስት ሰዓት ተኩል ደረሰ። አሁን ይህች ወረቀት ግድግዳ ላይ ተለጥፋ፣ ለሮቤ ሕዝብ ሁሉ «ይህ ሰው ዋሽቶ ኖሯል» ልትል ነው። ሻፊን ያቃጠለው መኪናው አይደለም፤ ይኸው ነው።

«ኦቦ ሻፊ» አለች ሌንሳ፣ እስክሪብቶዋን ጆሮዋ ላይ ሰክታ፤ «ሾፌሮቹን ጠይቄያለሁ። አይሱዙ ራሱ ከስድስት ሰዓት ተኩል ብዙም አይርቅም፤ ቆም ቆም ሲል፣ ሲጭን ሲያወርድ።»

«እና?»

«እርስዎ ከአይሱዙ እኩል ሮጡ ማለት ነው።»

«አይሱዙ ይደክመዋል! እኔ አይደክመኝም!»

ሱቁ በሣቅ ተናጋ። ሻፊ ጭራሽ ባሰበት፤ የያዘውን ፒንሳ ጠረጴዛው ላይ ሲያሳርፈው ብሎኖቹ እንደ ፌንጣ ዘለሉ። «ሣቁ! ሣቁ! ወረቀት መንገድ ወጥቶ ያውቃል? እስክሪብቶ ዳገት ወጥቶ ያውቃል?»

ይህን ጊዜ ለሚ ከባልዲው ላይ ተነሣ። ለሚ ባጃጅ ነጂ ነው፤ ሠላሳ አምስት ዓመቱ፣ ጭኑ እንደ ዝግባ ግንድ የወፈረ፣ በክለቡ ውስጥ ከሁሉም ፈጣን። ልጅ ሳለ የሻፊን ወሬ ሰምቶ ነው ብስክሌት የወደደው።

«ሌንሳ፣ አንቺ ሒሳብ ታውቂያለሽ፤ ሰው አታውቂም» አለ። «እኔ ሪራ አላድርም። በኦቦ ሻፊ ሰዓት ነው የምሄደው። በአንድ ቀን!»

«ጎሽ!» አለ ሻፊ። «ይኸው ወንድ!»

«እኔም» አለ ከኋላ አንዱ። «እኔም» አለ ሌላው። ሦስተኛውም እጁን አወጣ። ሻፊ ደረቱን ነፋ፤ ሱቁ ጠበበው። አሸነፈ!

ሌንሳ ግን ጠረጴዛውን በመዳፏ መታች። እሷም ተቆጥታለች፤ የእሷ ቁጣ ድምፅ የለውም፣ ይበርዳል። «ለሚ፣ ምን ይዘህ ነው የምትሄደው?»

«አንድ ውሃ፣ ሁለት ሙዝ፣ ይህችን ቲሸርት። ኦቦ ሻፊ ምን ይዘው ነበር? ምንም! በስድስት ሰዓት ተኩል ለሚያልቅ መንገድ ካፖርት ልጎትት?»

«መኪናውስ?»

«መኪናው ከእናንተ ጋር ይዝገም። እኛ ፊት ፊት ነን።» ከዚያ ወደ ሻፊ ዞረ፤ ፊቱ እንደ በዓል ቀን በርቷል። «ኦቦ ሻፊ፣ አንድ ወላሂ በሉላትና ይህች ልጅ አፏን ትዝጋ።»

ሁሉም የሻፊን አፍ ማየት ጀመረ።

ሻፊ በብዙ ነገር ይምላል። በሰነቴ ይምላል፣ በጢሙ ይምላል፣ በሞተችው በቅሎው ይምላል። የአንድ ዓሣ ርዝመት አግንኖ በአባቱ ምርኩዝ የማለ ሰው ነው። በዚህ ወሬ ላይ ግን በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ወላሂ ብሎ አያውቅም። ወሬ ወሬ ነው፤ ወላሂ ሌላ ነው። ቃሏ ጉሮሮው ድረስ መጥታ፣ ድልድይ እንደ ፈራ ፈረስ ቀጥ ብላ ቆመች።

«ለወረቀት ወላሂ ይባላል?» ብሎ ጮኸ። «ለእስክሪብቶ ልማል?»

«ለእሷ አይደለም» አለ ለሚ። «ለእኔ። ለሚስቴ ለዙህራ ለአስር ሶላት መና ገብቼ እደውልልሻለሁ ብያታለሁ። ወላሂ በሉኝ፣ ልንገራት።»

ሻፊ የለሚን ቲሸርት አየ። ስሙ ነው እንጂ ቲሸርት አይባልም፤ ብርሃን ያሳልፋል። ከዚያ ጣቶቹን አየ፤ ወፍራም፣ ጤነኛ፣ ባጃጅ መሪ የለመዱ። ያ የአይሱዙ ሾፌር የእሱን የሻፊን ጣቶች አንድ በአንድ ሲነቅል «ይህችኛዋ ትሰበራለች መሰለኝ» ያለው ትዝ አለው። ለሚን አይሱዙ ባይደርስለትስ? ሌንሳም፣ ለሚም፣ ባልዲውም ሳይቀር ትክ ብለው ያዩታል። አንድ ንዴት ከሻፊ እግር ጥፍር ተነሥቶ አናቱ ላይ ወጣ። የተናደደው በሌንሳ አልነበረም። ወሬውን ባመነው ሰው ነው።

«አንተ ደንቆሮ!» አለው። «ማን እመነኝ አለህ?»

«ምን?»

«ስድስት ሰዓት ተኩል! ጭንቅላት የለህም? ትልቅ ሰው አይደለህም? ንሥር እንኳ በስድስት ሰዓት ተኩል አይሻገረውም! እኔ ስናገር ትሰማለህ፣ ትሥቃለህ፣ ወደ ቤትህ ትሄዳለህ! ለሚስትህ ሰዓት ቁረጥላት አልኩህ?»

«ኦቦ ሻፊ፣ ዱጋ ነው ሲሉኝ አልነበር? እውነት ነው ሲሉኝ?»

«በአይሱዙ ነው!» የሻፊ ጩኸት ጎባ ሳይሰማ አልቀረም። «ሰነቴን በአይሱዙ ነው የተሻገርኩት! ሸራ ሥር! እንደ ድንች! ደስ አለህ?»

ጎማዎቹ እንኳ መወዛወዝ አቆሙ።

የለሚ ፊት መጀመሪያ ነጣ፣ ከዚያ በርበሬ ሆነ። «ሶባ! ውሸት!» አለ። «ይህ ሁሉ ዘመን ሶባ! በዚህ ወሬ ከሁለት ሰው ጋር ተደባድቤያለሁ! አንዱ አማቼ ነው!»

«ማን ተደባደብ አለህ?»

«ውሸት ነው ብለው ነዋ!»

«እና እውነታቸውን ነበር!»

«አማቼ እስከ ዛሬ አያናግረኝም!» ለሚ በስድስት ሰዓት ተኩል ያቀደበትን የራሱን ወረቀት ከኪሱ አውጥቶ አራት ቦታ ቀደደው፤ አሥራ ስድስት ቦታ የቀደደ ነው የመሰለው። «ሌንሳ፣ የእኔን ስም ሪራ ላይ ጻፊ። እኚህንም መኪናው ላይ ተያቸው። ለምደውታል።»

ከዚያ በኋላ የተነሣው ሣቅ ይህ ነው አይባልም። ሻፊ ባርኔጣውን አንሥቶ፣ «እናንተም ክለባችሁም!» ብሎ፣ የቆርቆሮውን በር እስከ ማጠፊያው ወርውሮት ወጣ።

አሥር እርምጃ ሄዶ ነው ሱቁ የራሱ መሆኑን ያስታወሰው።

መመለስ አይቻልም። ወደ ቤት መሄድም አይቻልም፤ የቤቱ ቁልፍ ሱቁ ውስጥ ነው። ከባቱ ተራራ በኩል የሚመጣው ነፋስ አጥንት ይቆፍራል። አንድ ባለ ጋሪ ቀስ ብሎ ሲያልፍ፣ «ኦቦ ሻፊ፣ ምነው ውጭ?» አለው። «አየር እየበላሁ ነው፤ እለፍ!» አለና ጀርባውን ለቆርቆሮው ሰጥቶ ቆመ። በስተውስጥ የሚባለው ሁሉ ይሰማል።

«ቀዳሚውን ዳገት እንመልከት» ትላለች ሌንሳ። «ከጎባ የአስታው ጫካ እስከሚያልቅበት ሦስት ሰዓት ብለነዋል። ጎባን አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ካለፍን፣ ለሦስት ሰዓት እዚያ ነን፤ ለስድስት ሰዓት አምባውን ጨርሰናል።»

ሻፊ ጥርሱን ነከሰ። ይሞቱ! የራሳቸው ጉዳይ! ሦስት ሰዓት ላይ እሱ ገና የዳገቱ ወገብ ላይ ሆኖ ቁርሱን እያስመለሰ ነበር። በሦስት ሰዓት ያቀደ ሰው አምባው መሃል ላይ ከሰዓት በኋላ ነው የሚገኘው፤ የሰነቴ በረዶ ደግሞ ከረፋድ ጀምሮ ነው ቀጠሮው።

«ሦስት ይበቃል» አለ የለሚ ድምፅ። «ጻፊ።»

ሻፊ ዞሮ ቆርቆሮውን በሁለት እጁ ደበደበው፤ መንገድ ላይ የነበረ ፈረስ ደነበረ።

«አምስት! አምስት ሰዓት በይው፣ አንቺ ሒሳብ አዋቂ!»

የሌንሳ ድምፅ ወደ ቆርቆሮው ቀረብ ብሎ መጣ። «እየጋለቡ ነው እየገፉ፣ ኦቦ ሻፊ?»

«ግማሹን እየገፋሁ!»

«ስንት ጊዜ ዐረፉ?»

«ስድስት! ሁለቱን አስታውኬ!»

«ከዚያ እስከ ሃረና አፋፍስ?»

«እሱንማ አይሱዙዋን ጠይቂ!»

የእስክሪብቶው መጫር ተሰማው። አምስት ሰዓት፣ ስድስት ዕረፍት። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የተናገረው፣ አንድም ደቂቃ ያልተነካበት ቁጥር ወረቀት ላይ ሲሰፍር ሰማ። እንዲህ አንሶ መታየትማ አይቻልም።

«አንድ ሰዓት ጨምሪበት!» ብሎ ጮኸ። «እኔ ያኔ ከእናንተ ከሁላችሁም እፈጥን ነበር!»

«ጨመርኩ» አለች ሌንሳ።