በሕማማት የሚመረመር ጉበት

ወንድሜ ተከስተ በዓመት ሃምሳ አምስት ቀን አይጠጣም። ሁዳዴ ሲገባ አረቄውን ያቆማል፤ በሕማማት ሳምንት ወደምሠራበት ላቦራቶሪ መጥቶ ክንዱን ይዘረጋል፤ ሁለቱ የጉበት ቁጥሮቹ መውረዳቸውን ሲሰማ ደስ ብሎት ይሄዳል። ፋሲካ ሲሆን እንደገና ይጀምራል። ጾሙ ጉበቱን የሚያጥብለት ይመስለዋል። የባዮሎጂ መምህር ነው እኮ! ሕዋስ ውስጥ ምግብ እያነደደ ኃይል የሚሰጥ ሚቶኮንድሪያ የሚባል ነገር መኖሩን ያስተማረኝ እሱ ነው።

ካዛንቺስ ሲፈርስ ሚስቱ እትዬ መነን አረቄ ቤቱም አብሮ ስለፈረሰ ተገላገልኩ ብላ ነበር። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ፤ እሱ ወሎ ሰፈር ሌላ አገኘ።

ዘንድሮ ሐሙስ ዕለት ቁጥሮቹ እንደ ጤነኛ ሰው ሆኑ። ሃያ ዓመት የጠጣ ሰው! ሁልጊዜ የሚጠይቀኝ እነዚያን ሁለቱን ብቻ ስለሆነ ሌላ አላየሁም። ከደስታዬ ብዛት መጠርጠርም ረሳሁ።

«ነፅተሃል፣ ወንድም ጋሼ» ብዬ ወረቀቱን ሰጠሁት።

ቅዳሜ ጠዋት ግን ዓይኑ ትዝ አለኝ። ነጩ ላይ ቢጫ ነገር ነበረው። ከፍሪጅ የተረፈ ደሙን አውጥቼ ጉበት የሚሠራውን ፕሮቲን፣ አልቡሚኑን ለካሁ። መሆን ካለበት ግማሽ ያህል ነው። ውጤቱን ለዶክተር አሉላ አሳየሁት።

«እነዚያ ቁጥሮች ከፍ የሚሉት ከተጎዳ ሕዋስ ኢንዛይም ሲፈስ ነው» አለኝ። «አልኮል ሲበዛ ሚቶኮንድሪያ ከአቅሙ በላይ ያቃጥላል። ከዚያ የሚያመልጠው መርዛማ ኦክስጅን ዞሮ ራሱን ይበላዋል፤ ምድጃ የራሱን ግድግዳ እንደሚያነድ በይው። ሕዋሱ ይሞታል፣ ቦታው ጠባሳ ይሆናል። አሁን በቃ፣ የሚፈስም ብዙ አልቀረውም። ጠብታ እንዳይቀምስ። ሰኞ አምጪው።»

ለተከስተ ደወልኩ፤ ቤተ ክርስቲያን ስለነበር ስልኩ ዝግ ነው። እውነቱን ልናገርና፣ ቀለል አለኝ። በዓሉን ከማበላሽበት ነገ ምሳ ላይ ቀስ ብዬ እነግረዋለሁ አልኩ። ፈሪ ነኝ።

እሑድ ቂርቆስ ቤታቸው ስደርስ የሐሙሱ ወረቀት ቡፌው መስታወት ላይ ተለጥፏል። እትዬ መነን፣ ያቺ ዕድሜዋን ሙሉ ጠርሙስ ስትደብቅና ስትደፋ የኖረች ሴት፣ አረቄውን ይዛ አጠገቡ ቆማለች።

«ልደትዬ፣ እንኳን አደረሰሽ! ዘንድሮስ በገዛ እጄ ነው የምቀዳለት። ጤናው ከተመለሰ ምን ቸገረኝ!»

ተከስተ ብርጭቆውን ወደ እኔ ከፍ አደረገ። ሸሚዙ ሆዱ ላይ ተወጥሯል።

«አስቀምጠው» አልኩት።

«ምነው? ፋሲካ እኮ ነው።»

«አልቡሚንህ ሁለት ነጥብ አንድ ነው።»

ማብራራት አላስፈለገኝም። ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«ምንድነው እሱ?» አለች እትዬ መነን። «ልደት፣ ነፅቷል አላልሽም?»

«ተሳስቼ ነው። ቁጥሩ የወረደው ጉበቱ ስላለቀ ነው።»

እትዬ መነን ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስታ አየችው። ከግማሽ በታች ወርዷል።

«ከጠዋት ጀምሮ ስንት ቀዳሁለት?» አለች።