እናቴ በሮማውያን በር ስር

እናቴ መኑቢያ ከአባቴ ጋር በተጣላች ቁጥር የምትዝተው ዛቻ አንድ ነበር፤ «በበሩ አልፌ አባቴ ቤት እመለሳለሁ» ትላለች። ኩስኩሱ ጨው በዝቶበታል ሲላት ይህንኑ ነው። ፍየሏን ሳይነግራት ለእህቱ ልጅ ሰርግ የሰጠባት ጊዜም ይህንኑ ነው። እኛ ልጆቿ ስትዝትበት ሰምተን ያደግን ስለሆንን ጆሮ ዳባ ልበስ ብለን ዳቦአችንን የወይራ ዘይት ውስጥ እየነከርን መብላታችንን እንቀጥላለን።

በሩ ማለት ከመንደራችን በላይ ኮረብታው ላይ የቆመው፣ ሮማውያን ትተውልን የሄዱት የድንጋይ ቅስት ነው። ወላጆቼ የተወለዱት እዚያው ፍርስራሹ ውስጥ ነው። ያኔ ሰዉ በሮማውያን ዓምድ ላይ ጭቃ እየለሰነ ቤት ይሠራ ነበር። የእናቴ ወገኖች ከበሩ በላይ፣ የአባቴ ወገኖች ከበሩ በታች። የላይ ሰፈር ልጅ ወደ ታች ስትዳር ፊቷን ተሸፍና፣ በበቅሎ ተጭና በበሩ ስር ታልፋለች። ከዚያ ወዲያ እናት አባቷን ልትጠይቅ ስትመጣ በውሃ ጉድጓዱ በኩል ባለው መንገድ ትዞራለች እንጂ በበሩ አትመለስም፤ በበሩ የምትመለስ ትዳሯ የፈረሰባት ሴት ብቻ ናት። ያላገባች ልጅማ ጨርሶ ድርሽ አትልም። ዛሬ ሲገባ ሲወጣ የሚውለውን ቱሪስት እያየ አባቴ፣ «እነዚህ በአንድ ሰዓት ውስጥ ስንት ጊዜ ተጋብተው ስንት ጊዜ ተፋቱ» ይላል።

እኔ ራሴ ከባሌ ስለያይ ከከተማ በታክሲ ነው የመጣሁት። እናቴ ሻንጣዬን ተቀብላ አቀፈችኝና፣ «በበሩ አልመጣሽም፤ ስለዚህ አይቆጠርም» አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሷን የሚያስቀይም ሰው ከእኔም ጋር ተጣልቷል ማለት ነው፣ አባቴም ቢሆን።

አባቴ ላሩሲ በጎ ሰው ነው። በጎነቱ ግን አንዳንዴ ያናድዳል፤ ክፉውን ነገር ሁሉ ብቻውን ተሸክሞ ሲያበቃ ሸክሙን ለማንም አይናገርም። ያን ጠዋትም የተጣሉት በዚሁ ነው። ቱኒስ የሚኖረው ወንድሜ ራኡፍ ስልክ ደውሎ እናቴን፣ «እማ፣ አልጋችሁን አስገብተናል። ልጆቹ ግድግዳውን ቀለም ቀቡላችሁ። መቼ ጠቅልላችሁ ትመጣላችሁ?» ይላታል። እናቴ ሰምታ የማታውቀው ወሬ ነው። ስልኩን ቀስ ብላ አስቀመጠችው።

«አንተ ሰውዬ፣ ለልጅህ ምን አልከው?»

«እሺ ነዋ ያልኩት» አለ አባቴ፣ ቀይ ቆቡን፣ ሸሺያውን፣ ከአናቱ ላይ እያስተካከለ። «ምን ልበለው? ሐኪም ቤቱ ከደጃቸው ነው።»

«እኔስ ምን አልኩ?»

«አንቺማ ጓሮ ነበርሽ።»

ዛቻዋን ጠበቅን። አልዛተችም። ነጠላዋን ከችንካሩ አውርዳ ተከናነበችና በወይራው መሃል ሽቅብ ወጣች። ዝም አይነቅዝም የሚሉ ሰዎች የእናቴን ዝምታ አላዩም። አባቴ ጉልበቱ ስለማይታዘዝለት መኪናዬ ውስጥ አስገብቼው በጥርጊያው መንገድ ዞርን። የፍርስራሹ ጥበቃ ጠይብ፣ የሰፈራችን ልጅ ነው፣ ከሩቅ ሲያየን ተነስቶ መጣ።

«ናጂያ፣ እማማ አሁን አለፉ። ሰላም እንኳ አላሉኝም።»

«በየት በኩል?»

«በጉድጓዱ መንገድ አይደለም» አለና ዓይኑን ከአባቴ አሸሸ።

ስንደርስ ቅስቱ ፊት ቆማለች። ፎቶ ሊያነሱ የመጡ ጀርመኖች እስክትነሳላቸው በትህትና ይጠብቃሉ።

«መኑቢያ» አለ አባቴ፣ «በሰው ፊት አታዋርጂኝ።»

«አይዞህ፣ ጀርመኖቹ አያውቁህም» አለችና ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ስባ፣ አንገቷን ደፍታ፣ መኪና የሚበዛበት መንገድ እንደሚሻገር ሰው ፈጠን ብላ በበሩ ስር አለፈች።

በዚህ ዘመን በእንዲህ ያለ ነገር ማን ያምናል ብዬ ስከራከር የኖርኩት እኔ፣ ልቤ ድንግጥ አለ። አባቴ አጠገቡ ባለው ድንጋይ ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ።

«አለፈች» አለኝ። «እኔ አሁን ምን ተባልኩ?»

«ፈት ነሃ» አልኩት። ንዴቴ አልበረደልኝም። «ምናለ ቀድመህ ብትነግራት?»

ምርኩዙን እያየ ተናገረ። «አምና ከወይራው መሰላል ስትወድቅ እኔ ነበርኩ አጠገቧ። አንቺ መኪና ይዘሽ እስክትመጪ ድረስ እጇን ይዤ ተቀመጥኩ። ስጠራት አትሰማኝም ነበር። ራኡፍ ኑ ሲለኝ የታየኝ ያ ነው። እኔ ሁለተኛ ያንን አልችልም፣ ልጄ።»

«ይህንን ለእሷ ነግረሃታል?»

«ምን ብዬ?»

ከዚያ ተነሳ፤ እኔ ሳልደግፈው፣ በምርኩዙ ብቻ፣ ተከትሏት በበሩ ስር አለፈ። እኔም ከኋላው።

እናቴ የአባቷ ቤት ደፍ ላይ ተቀምጣለች። የቀረው ደፉ ብቻ ነው፤ ከስሩ ያለውን የሮማውያን ወለል ለማውጣት የጥንት ቅርስ ቆፋሪዎች ቤቱን አንስተውታል። ደፉን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ነበር። አባቴ ልክ በር ያለ ይመስል ከደፉ ውጭ ቆመና ሸሺያውን አወለቀ።

«ምን ፈለግህ?» አለችው።

«ሚስቴን።»

«ሚስትህማ በበሩ ስትመለስ አይተሃታል።»

«አይቻለሁ። ሌላ ልጠይቅ ነው የመጣሁት።»

«ብቻህን? ሽማግሌ የለህም?»

«ከእኔ የበለጠ ሽማግሌ ከየት ላምጣ?»

ከንፈሯ ሊስቅ ሲል ያዘችው። ከዚያ ስትናገር ድምፅዋ አልጮኸም፤ የጮኸችበት ቀን ይሻላል። «አባትህ መጥቶ አባቴን ጠየቀ፤ አባቴ እሺ አለ። እኔ እዚህ ውስጥ ዱቄት እያቦካሁ ነበር። መንግሥት ከዚህ ሊያነሳን ሲመጣ ወንዶቹን ሰብስቦ ጠየቀ፤ አንተ እሺ አልክ። አሁን ደግሞ ልጅህ ጠየቀህ፤ እሺ አልክ። እኔ ጓሮ ነበርኩ። ላሩሲ፣ እኔ ዕድሜ ልኬን ጓሮ ነበርኩ። አንድ ሰው እንኳ መጥቶ አንቺስ አላለኝም።»

አባቴ ሸሺያውን በእጁ ሲያዟዙር ቆየ። ከዚያ ጉልበቱ እያመመው፣ ምርኩዙን እየተደገፈ፣ አፈሩ ላይ ተቀመጠ፤ ከእሷ ዝቅ ብሎ።

«መኑቢያ» አላት። «ልጃችን ዘንድ እንሂድ ወይስ እዚሁ እንቅር?»

«አንተስ ምን ትላለህ?»

«እኔ ፈርቻለሁ። ከመሰላሉ የወደቅሽ ቀን የሞትሽ መስሎኝ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ሌሊት ትንፋሽሽን እያዳመጥኩ ነው የማድረው። ቢሆንም አንቺ እንቅር ካልሽ እቀራለሁ። እዚሁ ደፍ ላይ ካልሽም እዚሁ ነኝ።»

እናቴ ዓይን ዓይኑን አየችው። ሃምሳ ዓመት ባለፈው ትዳራቸው ውስጥ ይህን ያህል ቃል በአንድ ጊዜ ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። እኔም እንባዬ መጣና ወደ ዓምዶቹ ዞርኩ።

«ተነስ» አለችው። «መልሱን በሩ ጋ እነግርሃለሁ።»

መነሳት ግን የዋዛ አልነበረም። እኔ በአንድ ብብቱ እሷ በሌላው ይዘን እየሳብነው፣ እሱ «ቀስ፣ ቀስ፣ አሮጌ ዕቃ ነው» እያለ፣ በስንት መከራ አቆምነው። ጥላው የመጣችው ሴት የሱሪውን አቧራ ከኋላው ታራግፋለች።

ቅስቱ ፊት ስንደርስ ቆመች።

«ናጂያ፣ ከውስጡ ምን አለ?»

«ከምኑ ውስጥ?»

«ከዚህ። ከላይ ከጣሪያው። ሰዉ ሁሉ እያለፈ አንገቱን የሚያቀናው ምን ሊያይ ነው?»

ነገሩ ያኔ ነው የገባኝ። ልጅ ሆና በበሩ ማለፍ ክልክል ነበር። ሙሽራ ሆና ስታልፍ ፊቷ ተሸፍኖ ነበር። ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ በጉድጓዱ በኩል ስትዞር ኖራ፣ ዛሬ ደግሞ በንዴት አንገቷን ደፍታ አለፈች። ከባሕር ማዶ የመጣ ሁሉ ፎቶ አንስቶት የሚሄደውን፣ ስሩ የተወለደችው እናቴ አላየችውም።

«ግቢና እይው» አልኳት።

ገባች። ነጠላዋን ከራሷ ወደ ትከሻዋ አውርዳ ቀና አለች። ከላይ በየድንጋዩ ላይ አበባ ተቀርጿል፤ እያንዳንዱ በየክፈፉ ውስጥ። ከአንደኛው አበባ ላይ ወፍ የጭቃ ጎጆዋን ለጥፋበታለች።

«አበባ ነው» አለች እናቴ። ቆይታ ደግሞ፣ «ለካ አበባ ኖሯል» አለች።

«እኔማ ከልጅነቴ ጀምሮ አየዋለሁ» አለ አባቴ።

«ታዲያ ምነው አንድ ቀን ሳትነግረኝ?»

«መች ጠየቅሽኝ?»

በነጠላዋ ጫፍ ትከሻውን መታችውና ሳቋ አመለጣት። የሷ ሳቅ ከላይ ከቅስቱ ተመልሶ ይሰማ ነበር። ጀርመኖቹም ምን እንደሆነ ሳይገባቸው አብረው ሳቁ።

«ስማ» አለችው፣ ዓይኗን ከጣሪያው ሳታወርድ። «ወይራው ተለቅሞ፣ ዘይቱ ተጨምቆ ሲያበቃ እንሄዳለን። በለሱ ሲበስል ግን እዚህ ነኝ። ለራኡፍ እኔ ነኝ የምነግረው።»

«እሺ።»

«ለቀማውም ላይ እኖራለሁ።»

«መሰላሉ ላይ ግን አትወጪም።»

«ጠይቀኝ።»

አባቴ ወደ እሷ ዞረ። «እባክሽ፣ መሰላሉ ይቅር?»

«እሺ» አለች እናቴ። «አሁን ና። ያኔ በቅሎ ላይ ብቻዬን ነበርኩ፤ አንተ ቤትህ ተቀምጠህ ነው የጠበቅኸኝ። ዛሬስ አብረን እንለፍ።»

እኔ እልልታዬን ለቀቅሁት። ጠይብ ከጥበቃ ቦታው ሆኖ አጨበጨበ። እናቴ ፊቷን ገልጣ፣ እያየች፣ ወደ ታች ወደ ቤቷ አለፈች፤ ዓይኗን ከአበባዎቹ አልነቅልም ስላለች አባቴ እንዳትደናቀፍ ክንዷን ይዞ ይመራት ነበር።