ወተት ያላጠበው

ባፈና የሚባለው አባቴ ሲጠጣ ግራ ዓይኑን ይጨፍን ነበር። የመጀመሪያዋን መለኪያ በአንድ ትንፋሽ ይገለብጥና ባዶዋን በጥፍሩ ሁለቴ ቀጭ ቀጭ አድርጎ ያስቀምጣታል። አረቄውንም ትምባሆውንም ከግሪኩ ሱቅ ተልኬ የማመጣለት እኔ ስለነበርኩ አሳምሬ አውቃለሁ።

ከባቡሩ ሥራ ጋር ጅቡቲ የወረደ ሰው ነው። እሑድ እሑድ ጠጥቶ ሲሞቀው፣ ባሕሩ ሸሽቶ የተወው እርጥብ አሸዋ ላይ ሄዶ ይተኛል። «እዚያ ይቀዘቅዘኛል» ይላል። አንድ እሑድ ባሕሩ ሲመለስ እሱ አልነቃም። የእሱንም አባት፣ አገር ቤት፣ ሰክሮ ወንዝ ዳር እንደተኛ ደራሽ ውኃ ነው የወሰደው።

እናቴ እልፍነሽ ያኔ ወንድሜን ጸሐዬን አርግዛ ነበር። ለቀስተኛው ሁሉ ሆዷን እያየ ከንፈሩን ሲመጥ ጊዜ መረራት። ልጁ በተወለደ በአርባ ቀኑ ክርስትና አስነስታ፣ ለጎረቤታችን ለየመናዊው ዓሣ አጥማጅ ለሙጠሊብ ሚስት ለዙለይካ ሰጠችው። እነሱ ቤት የመጠጥ ሽታ እንኳ አይገባም። ዙለይካ በእኛ ወግ አውራ ጣቷን ማር ነክራ አላሰችው፣ በእሷም ወግ ከልጇ ጋር አጠባችው።

«ወተቷ የባፈናን ደም ያጥበዋል» አለች እናቴ።

እነሙጠሊብ ልጁን ይዘው ባሕሩን ተሻግረው ታጁራ ገቡ። አባቱ በንዳድ ሞተ ተብሎ እንዲነገረው ተማማሉ። እኔን ግን ማንም ማር አላላሰኝም። ከአባቴ ባዶ ጠርሙሶች ጋር ቤት ቀረሁ። ቂም ይዤ ነበር፣ አልደብቅም።

ጸሐዬ ጎልማሳ ሆኖ ወደብ ሥራ ሲያገኝ ወደ እኛ ተመለሰ። ጨዋ፣ ዓይን አፋር ልጅ ነበር። በፋሲካ ቤቴ ጠራሁት። እኔ ሕፃን ልጄን እያጠባሁ፣ እናቴ ከጎኔ ተቀምጣ፣ ባለቤቴ ተክለወልድ ምንም ሳያስብ አረቄ ቀዳለት።

«ቀምሼ አላውቅም» አለ ጸሐዬ እየሳቀ። ግራ ዓይኑን ጨፍኖ ገለበጣት። ከዚያ ባዶዋን በጥፍሩ ሁለቴ ቀጭ ቀጭ አድርጎ አስቀመጣት።

እናቴ ከመቀመጫዋ ተነሣች። «ባፈና» አለች፣ ቀስ ብላ።

«ምነው እማዬ፣ ምን አጠፋሁ?»

«ማን አስተማረህ?»

«ምኑን?» አለ። ምን እንደጠየቀችው በእውነት አላወቀም። መለኪያዋን ወደ ተክለወልድ ገፋ አደረጋት፣ ድገመኝ እንደማለት።

ከዚያ በኋላ ግሪኩ ሱቅ የማይጠፋ ሰው ሆነ፣ ሲጋራውም ተከተለ። እናቴ ታጁራ ድረስ ሄዳ ዙለይካን ወቀሰቻት። «ያለኝን ወተት ሰጠሁት እልፍነሽ፣ ሌላ ምን ነበረኝ?» አለቻት ዙለይካ፣ እያለቀሰች።

አንድ እሑድ ቀትር ላይ ጸሐዬ ፊቱ ቀልቶ ከቤቴ ወጣ።

«የት ልትሄድ ነው?»

«ሞቀኝ እትዬ። ባሕሩ ሸሽቷል፣ እዚያ ይቀዘቅዘኛል።»

ይህን ቃል በሕይወት ያለ ሰው አልነገረውም። ሕፃኑን ለተክለወልድ ጥዬ ከእናቴ ጋር ሮጥን። አባቴ የሞተበት ቦታ ላይ በጎኑ ተኝቶ አገኘነው፣ ውኃው ጆሮው ድረስ ደርሷል። ብብቱን ይዘን ደረቅ መሬት ድረስ ጎተትነው። ሲነቃ እናቴ ራሱን ጭኗ ላይ አድርጋ ሁሉንም ነገረችው፤ አባቱን፣ አያቱን፣ አሸዋውን።

«እኔ ብቻዬን ያመጣሁት ክፉ አመል መስሎኝ ነበር» አለ። «ሰዉ ሁሉ ጨዋ በሆነበት ቤት አድጌ፣ ይህ ከየት መጣብኝ እያልኩ ራሴን ስረግም ነበር።» እናቴ ያን ዕለት ያለቀሰችውን ለአባቴም አላለቀሰችለትም። እኔም ቂሜ እዚያው ቀረ። እኔ ጠላቴን እያየሁ አድጌያለሁ፣ እሱ ግን ስሙን እንኳ ሳይሰማ ነው የተያዘው።

መጠጡን አልተወም፤ ትቶ ይጀምራል፣ ጀምሮ ይተዋል። ግን እሑድ ባሕሩ ሲሸሽ በራሱ እግር ይመጣና «እትዬ፣ በሩን ቆልፊብኝ» ይለኛል። እቆልፍበታለሁ፣ ቁልፉንም መቀነቴ ውስጥ እቋጥራለሁ።

ሰሞኑን እናቴ የእኔን ልጅ ስታይ ትቆያለች። ትናንት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «የዙለይካ ሴት ልጅ ወልዳ ታጠባለች አሉ፣ ለእሷ ብንሰጠው?» አለችኝ። ያየችውን እኔም አይቻለሁ። ልጄ ጡቴን ሲይዝ ግራ ዓይኑን ይጨፍናል።

«አልሰጥም» አልኳት። «እዚሁ ያድጋል። አፉን ሲፈታ ይዤው እሄድና አያቱ የቀረበትን አሸዋ አሳየዋለሁ።»