ሀፊሳ ያልተጫነቻት ቁልፍ

ሀፊሳ ሦስት ጥርስ አስነቅላለች፤ ሦስቱንም ጊዜ ሕመሙን ይዛ ወደ ሰፈሯ ወደ ቁሓ ተመልሳለች። ጥርሱ ይሄዳል፣ ሕመሙ ግን ቤቱ ፈርሶበት አልወጣም እንዳለ ተከራይ እዚያው ይቀመጣል። ሰፈሩ መቀለድ ጀምሯል። ባሏ ሳሊህ ግን አልቀለደም። አራተኛው፣ ምንም ያልሆነው ጥርስ ሊነቀል ቀን ሲቆረጥለት፣ «መጀመሪያ ዶክተሩ ይይሽ። ከጥርሱ አይደለም ካለ ማንም አይነካሽም» አላት።

ዶክተሩ ኣስፋሃ ነው፤ የጥርስ ሐኪም ሆኖ አንጎል የሚያጠና ጉደኛ። ሰው ሲያመው አንጎሉ የቱ ጋ እንደሚሠራ በማሽን ፎቶ ያነሣል። ለጥናቱ ከመረጣቸው አሥራ ሁለት ሰዎች ሀፊሳ የመጨረሻዋ ናት።

«አደይ ሀፊሳ» አላት ኣስፋሃ፣ በትግርኛ «እናቴ» ማለቱ ነው፤ «ማሽኑ ውስጥ ሆነው ሕመሙ ሲመጣ ይቺን ቁልፍ ይጫኑ፤ ሲተውዎት ይልቀቁ። በቃ።»

«እሺ፣ አላህ ያክብርህ።»

ብረት አይገባም ስለተባለ፣ የአሥራ አምስት ዓመት ልጇ ረምላ የእናቷን የሻሽ መርፌ አንድ በአንድ እየነቀለች መዳፏ ላይ ያዘች። ሰባት ሆነ።

«እማ፣ ሻሽ ነው ያሰርሽው አጥር ነው ያጠርሽው?»

ሀፊሳ ጉንጯን ይዛ ሳቀች።

ሀፊሳ ማሽኑ ውስጥ ተጋደመች። ቁልፏ ስትጫን የምትበራ አረንጓዴ መብራት ረምላና ኣስፋሃ በቆሙበት በኩል፣ ከመስታወቱ ወዲህ ነበረች። አሥር ደቂቃ ሄደ፤ ሃያ ሄደ፤ አልበራችም።

«አደይ፣ ያምዎታል?» አለ ኣስፋሃ በማይክራፎኑ።

«አልሐምዱሊላህ!»

«እንዲህ ስትል አይመኗት!» አለች ረምላ። «የእግር ጣቶቿን ይዩዋቸው፣ ተቆልምመዋል!»

«እግር አይመዘገብም፣ ጓለይ፣ ልጄ። ሕመሙ መቼ መጥቶ መቼ እንደሄደ ካላወቅኩ፣ ፎቶው ብቻውን ምንም አይነግረኝም።»

ሀፊሳ ስትወጣ ሁለቱም ጆሮዎቿ ረጥበዋል። በጀርባው ተኝቶ የሚያለቅስ ሰው እንባው ወደ ጆሮው ነው የሚፈሰው።

«ለምን አልተጫንሽም?» አለች ረምላ፣ መርፌዎቹን እየመለሰች።

«ሶብር አደረግኩ፤ ቻልኩት።»

«ማን ሶብር አድርጊ አለሽ? ተጫኚ ነው የተባልሽ!»

«ለባዕድ ሰው ተጋድሜ ላማርር? አፌ ያላለውን ጣቴ ይበል? ደሞ የሚያይ ማሽን ነው ካላችሁ፣ እኔን ምን ይጠይቀኛል?»

ረምላ የመጨረሻዋን መርፌ ሰክታ ወደ ኣስፋሃ ዞረች። ኣስፋሃ ማሽኑ የተፈቀደለት እስከዚያ ቀን ብቻ እንደሆነ አንገቱን ደፍቶ ነገራቸው።

«ዶክተሩ ምን አለ?» አለ ሳሊህ ማታ።

«ምንም አልታየም» አለች ሀፊሳ። ሐሙስ አራተኛው ጥርስ ተነቀለ።

ቁስሉ ደረቀ። ሀፊሳም ዳነች ተባለ። ረምላ ግን የእናቷን የእግር ጣቶች ማየት አልተወችም። አንድ ቀን ከገበያ ሲመለሱ፣ ሚኒባሱ ውስጥ፣ ጣቶቹ ጫማው ውስጥ ሲቆለመሙ አየች። አውራ ጣቷን እናቷ መዳፍ ውስጥ ከተተች።

«ይኸው ቁልፍሽ። እኔ ባዕድ አይደለሁም።»

ሀፊሳ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ከዚያ ተጫነች። ረምላ እስክትለቃት ጠበቀች፤ ቁሓ ደርሰው ወረዱ፣ ሀፊሳ አልለቀቀችም።