አጥር ያለው ኮሸሽላ

እታገኘሁ ከጽድ ችግኞቹ ሥር አፈሩን በጣቷ እየገለጠች፣ ተጠቅልለው የተኙትን ቆራጭ ትሎች ትለቅማለች። የለቀመችውን የሳሙና ውኃ ወዳለበት ጣሳ ትጥላለች። በትሎቹ ብዙም አትናደድም። የሚያናድዳት ከመደቦቹ በላይ፣ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል የቆመው ኮሸሽላ ነው። እሾሃም አረም ሆኖ ሳለ የራሱ አጥር፣ የራሱ ሰሌዳና የራሱ ጠባቂ አለው።

ባለፈው ክረምት አንድ ትልቅ እንግዳ ከጎንደር መጥተው እዚያ ቦታ ላይ ወይራ ተከሉ። የመካነ ብርሃን ችግኝ ጣቢያ ጠባቂ አያ ላቀውም በቀርከሃ አጥረው፣ ሕዝብ በተሰበሰበበት፣ "በዚህ አጥር ውስጥ የበቀለውን የነካ በሚካኤል ግዝት ነው!" አሉ። ከትሎቹ በቀር ሁሉም ሰማ። ወይራው ሳይሰነብት ተቆርጦ ወደቀ፤ በቦታው ኮሸሽላ በቀለ።

"አያ ላቀው፣ አበባው ሊፈነዳ ነው" አለች እታገኘሁ። "ዘሩ ከበነነ መደቡ ሁሉ ኮሸሽላ ይሆናል። ያንን ሁሉ ችግኝ ያሳደግሁት ለእሾህ ነው?"

"አውቃለሁ እቴ። ግን ገዝቻለሁ፤ እኔም አልነካውም።"

"ምነው ታዲያ ያጠጡታል?"

"የሚነካው ውኃው ነው እንጂ እኔ መች ነካሁት?"

"ቄስ ሐብተ ማርያም ይፍቱታ!"

"ዓይናቸውን ሊታከሙ ጎንደር ናቸው። እስኪመለሱ ይሄ አይጠብቅም።"

የደን ባለሙያው ትዕዛዙ ከመኪናው ወርዶ እንደ ልማዱ ለእንግዳው ሊልክ ኮሸሽላውን በስልኩ ፎቶ አነሣ።

"እንግዳው 'ወይራዬ ምነው ፈጠነ?' አሉኝ" አለ።

"ምን አልካቸው?"

"አፈሩ ጥሩ ነው አልኳቸው።"

"ኮሸሽላ ነው አትልም?"

"ሰሌዳው ወይራ እያለ?"

እታገኘሁ ቀና ብላ አየች። አንዱ እምቡጥ ጫፉ ሐምራዊ ሆኗል። ጣሳውን አስቀመጠች።

"አያ ላቀው፣ አጥሩን መንካት ይቻላል?"

"እንዴታ! የላላውን የማጠብቀው እኔ አይደለሁ? የገዘትሁት ውስጡ ያለውን ነው።"

"እንግዲያው አጥሩን እናንሣው።"

አያ ላቀው ቆባቸውን አውልቀው ወደ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ዞሩ። ቆይተው አማተቡና የአጥሩን አንድ ጎን ያዙ። ሦስቱም አጥሩን ከነሰሌዳው ነቅለው፣ ከኮሸሽላው አናት በላይ ቀስ ብለው አሳለፉት። እሾሁ የትዕዛዙን እጅጌ ያዘ።

"ነካሁት!" ብሎ ጮኸ።

"እሱ ነው የነካህ" አሉ አያ ላቀው። "ዝም ብለህ ተሸከም።"

እታገኘሁ መንገድ ዳር ያለች አንዲት እውነተኛ ወይራ መረጠች። ግን አጥሩን ቶሎ አላስወረደቻቸውም። ሁለቱ ተሸክመው እያላባቸው፣ እሷ ተንበርክካ የወይራዋን ዙሪያ አረመች፤ ትል እንዳለ አፈሩን ፈተሸች። አጥሩ ካረፈ በኋላ ማንም ሊነካት አይችልም።

"በይ እንጂ እቴ!" አሉ አያ ላቀው።

"አሁን አውርዱት።"

ትዕዛዙ ፎቶ አነሣና ስልኩን አተኩሮ አየ። "ወይራው ከበፊቱ አጠረ እኮ። እንግዳውን ምን እላለሁ?"

"ሸጋ ሆኖ ተከረከመ በል" አሉት አያ ላቀው።

እታገኘሁ ወደ ኮሸሽላው ተመለሰች። እምቡጦቹን በማዳበሪያ ከረጢት ሸፍና ሥሩን በዶማ ቆፈረች። በጋውን ሙሉ ስለጠጣ ሥሩ ጠልቋል። አያ ላቀው መጀመሪያ ፊታቸውን አዙረው ነበር፤ ኋላ ግን መጥተው አብረው ጎተቱ። ኮሸሽላው ተነቀለ። ከነከረጢቱ አቃጠሉት።

ነፋሱ በችግኞቹ ላይ አለፈ፤ ይዞት የመጣው ጭስ ብቻ ነበር። እታገኘሁ የዶማውን አፈር በሣር ጠርጋ ከመጋዘኑ በር ኋላ አቆመችው።