ሞጆ ወይስ ማጂ

ቴሌቪዥኑ ጮኸ እንጂ ምስል አላመጣም። መጀመሪያ ጄኔሬተር አገሳ፣ ቀጥሎ ብረት ተፋጨ፣ በመካከሉ አንድ ሰው ከሩቅ «ቶሎ በል እንጂ!» አለ፤ ስክሪኑ ግን ጥቁር እንደሆነ ቀረ። ፉል የሚበሉት የፋብሪካ ሠራተኞች ቀና ብለው አዩ።

«በእናትሽ ዝጊው፤ ጆሮዬን በጠሰው!» አሉ የቁርስ ቤቱ ባለቤት እትዬ ፈለቀች።

ዮዲ ፍላሹን ከዴኩ ነቀለች። ሱቋ ከቁርስ ቤቱ ጋር በአንድ ግድግዳ የሚዋሰን፣ ዘፈንና ፊልም በሚሞሪ የምትጭንበት ጠባብ ክፍል ነው። ከጠዋት ጀምሮ ሁለት እህትማማቾች ይዘዋታል። ታላቅየዋ አደሴ ጆሮዋ አይሰማም፤ እዚያው አቃቂ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ክር ትቀጥላለች። ታናሽየዋ ሌንሳ ትሰማለች፤ የእህቷን የምልክት ቋንቋም ከልጅነቷ ጀምሮ ስለምታውቅ በሄደችበት ሁሉ ታስተረጉምላታለች።

የአደሴ ባል ቀጀላም አይሰማም። ክረምቱ ሊገባ ሲል ለብየዳ ሥራ ሐዋሳ ሄዶ ነበር። በአጭር መልእክት ይጻጻፉ ነበር፤ ባለፈው ሳምንት ግን ስልኩ ተሰረቀ። ዛሬ ጠዋት አንድ የሲኖትራክ ሹፌር ሚሞሪ ካርድ አመጣላት። ቀጀላ በሥራ ባልደረባው ስማርት ስልክ ራሱን ቀርጾ፣ በእጁ የሚነግራት ነገር አለ። የባልደረባውን ስልክ ቁጥር ግን አልላከላትም።

ችግሩ ቪዲዮውን የሚከፍት ዕቃ መጥፋቱ ነው። የአደሴ የቻይና ስልክ «ይህን ፋይል ማጫወት አይቻልም» አለ። የዮዲ አሮጌ ኮምፒውተር ከፈተው፤ ግን ምስሉ ይቆማል፣ ይዘላል፣ እንደገና ይቆማል። የእትዬ ፈለቀች ዴክ ደግሞ ጩኸቱን ብቻ ሰጣቸው።

«ከኮምፒውተሩ ላይ ምን ያህል ገባት?» አለች ዮዲ ወደ ሱቋ ሲመለሱ።

«ዋናው ገብቷታል» አለች ሌንሳ። «አሠሪው አዲስ ሥራ ይዟል፤ ቀጀላንም ይዞት ሊሄድ ነው። ለባለትዳር ክፍል ይሰጣል። ‹ከመጣሽ በዚሁ ሹፌር መልሱን ላኪልኝ› ነው የሚላት። ሹፌሩ ዕቃውን አራግፎ ከሰዓት በኋላ ይመለሳል።»

«ታዲያ ምን ቀረ?»

«የሚሄድበት አገር ነዋ! ስሙን በጣት ፊደል ነው የጻፈው። ይኸውልሽ፣ ይኼ መ ነው።» ሌንሳ ጣቶቿን አጥፋ እጇን አነሣች። «እንዲህ ሳንቀሳቅሰው ሙ ይሆናል፤ እንዲህ ሲሆን ደግሞ ማ። ጣቱ አይለወጥም፤ ፊደሉን የሚለየው እንቅስቃሴው ነው።»

«ሰባቱም?»

«ሰባቱም።»

ዮዲ ሥራዋን ረስታ በራሷ እጅ ሞከረችው። አደሴ ሳቅ ብላ አንዷን ጣቷን አስተካከለችላት።

«መ እና ጀ መሆናቸውን አይተናል» አለች ሌንሳ። «ሞጆ ነው፤ ሌላ ምን ይሆናል? ከሞጆ እሑድ እሑድ እየመጣች ታየኛለች።»

አደሴ የእህቷን ከንፈር ስታይ ቆይታ ራሷን ነቀነቀች፤ እጆቿም ተንቀሳቀሱ።

«ምን አለች?»

«ማጂም ሊሆን ይችላል ትላለች። አሠሪው እዚያ የድልድይ ሥራ ሊይዝ ነው የሚል ወሬ ነበር።»

«ማጂ የት ነው?»

«እኔ ምኑን አውቄ! ከሚዛን ተፈሪ ወዲያ ነው አሉ።»

ዮዲ ፋይሉን ለስልክ እንዲሆን መለወጥ ጀመረች። ሁልጊዜ እንደምታደርገው በፕሮግራሙ ላይ ‹ለሞባይል› የሚለውን ነካች፣ ጠበቁ፣ ሚሞሪውን የአደሴ ስልክ ውስጥ ከተቱት። ተጫወተ! ሌንሳ አጨበጨበች። አደሴ ግን አንድ ጊዜ አይታ መለሰችው፣ ደገመችው፣ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

ዮዲ አነሣችው። የቀጀላ እጅ ደረቱ ላይ ነበር፤ ከዚያ ትከሻው ጋ ታየ። ከደረቱ እስከ ትከሻው እንዴት እንደሄደ ግን የለም። ይሄ ነገር አስገረማት። ነክታው የማታውቀውን ማስተካከያ ከፍታ ብታይ፣ በእያንዳንዱ ሰከንድ ከነበሩት ሠላሳ ምስሎች ፕሮግራሙ አሥሩን ብቻ አስቀርቶ ሌላውን ጥሎታል። ስንት ዘፈን ስትጭን ልብ ብላው አታውቅም። ዘፋኙ እስክስታ ሲወርድ ጥቂት ምስል ቢጎድል ማን ይጠይቃል?

ሠላሳውንም መለሰችና ሞከረች። ስልኩ ከበደውና ቆመ። ጥራቱን ቀነሰችለት። አሁን እጁ ያለማቋረጥ ሄደ፤ ጣቶቹ ግን ተጣብቀው ጓንት ያጠለቀ መሰለ።

«ስልኩ በአንድ ጊዜ የሚችለው ይቺን ታህል ነው» አለች ዮዲ ለራሷ ይሁን ለነሱ ሳይታወቅ። «ሌላ የሚጣል ነገር መኖር አለበት። ምን ልጣል?»

እትዬ ፈለቀች ሻይ ይዘው ገቡ። «ያ ጩኸት ተሻለው?» አሉ ብርጭቆዎቹን እያስቀመጡ። «ለመሆኑ እሱ አይሰማ፣ እሷ አትሰማ፤ ያንን ሁሉ ጩኸት ለማን ብሎ ነው የላከው?»

ዮዲ ከወንበሯ ብድግ አለች። «ሌንሳ፣ ድምፁን ባወጣው ቅር ይላታል?»

ሌንሳ አስተረጎመች። አደሴ ድምፅ አውጥታ፣ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

ድምፁ ወጣ። ዮዲ በዚያው ከምስሉ ላይ ግድግዳውንም፣ ከኋላ የተከመረውንም ብረት ቆርጣ ጣለች፤ ከራሱ እስከ ወገቡ ያለውን ቀጀላን ብቻ አስቀረች። ትንሽ ምስል ሆነ፤ ሠላሳውም ግን በቦታቸው አሉ፣ ጣቶቹም ተለይተዋል።

ስልኩ ሳይንተባተብ አጫወተው። ዮዲ በአደሴ ትከሻ ላይ አሻግራ አየች። የቀጀላ ጣቶች መ ሠሩ። እጁ ተንቀሳቀሰ፤ ሌንሳ ጠዋት ባሳየቻት መንገድ፣ ቁልጭ ብሎ። ማ! ዮዲ በደስታ ልትጮህ ነበር፤ የሌንሳን ፊት ስታይ ዋጠችው።

«ሞጆ ነው አይደል?» አለች ሌንሳ በአፏም በእጇም።

አደሴ ሁለቱን ፊደላት በጣቷ ቀስ አድርጋ ጻፈችላት፦ ማ፣ ጂ።

ሌንሳ ሄዳ በሩ ላይ ቆመች። «እናታችን ስትሞት አደራ ያለችው እኔን ነው» አለች ለዮዲ። «እዚያ ብትታመም ለሐኪሙ ማን ይነግርላታል? እሱ ራሱ አይሰማም!» ከዚያ ዞራ ያንኑ ለእህቷ በእጇ ደገመችላት።

አደሴ ረጋ ብላ መለሰች። ዮዲ ጠበቀች። ሌንሳ ማስተርጎሟን ተወችው።

«ምን አለች?»

«‹እዚህስ ካንቺ ሌላ ማን ያናግረኛል?› ነው የምትለው» አለች ሌንሳ። «‹ቀኑን ሙሉ እጄ የሚያውቀው ክር መቀጠል ብቻ ነው› አለች።»

አደሴ የዮዲን ስልክ አመለከተች። ቅረጪኝ ማለቷ ነበር። ዱካው ላይ ተቀመጠች፣ ሻሿን አስተካከለች፣ ዮዲ ስልኩን ስታነሣም በእጇ መናገር ጀመረች። ሌንሳ ከበሩ ላይ ሳትንቀሳቀስ ለዮዲ አስተረጎመች፦ «‹እመጣለሁ። የወሩን ደመወዝ ተቀብዬ እነሣለሁ። ክፍሉ ግን መስኮት ይኑረው፤ በጨለማ መነጋገር አንችልም።›»

ዮዲ የቀረጸችውን ከፍታ አየችው። የአደሴ ፊት ይታያል፤ እጆቿን ግን ጥላ ውጧቸዋል። ከውጭ የሚገባውን ብርሃን ሌንሳ በጀርባዋ ጋርዳዋለች።

«ጣቶቿ አልወጡም» አለች ዮዲ።

ሌንሳ መጥታ ስልኩን ተቀበለቻት። ደጋግማ አየችው። «እንዲህ እንዳለ ቢደርሰው ምንም አይገባውም?»

«ምንም።»

«ሹፌሩስ?»

«አሁን ሊመጣ ይችላል።»

አደሴ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ከአንዷ ፊት ወደ ሌላዋ ታያለች። የሚባለውን አልሰማችም፤ ግን አልጠየቀችም። ሌንሳ ስልኩን ለዮዲ መለሰች። ወደ በሩ ሄዳ፣ ሁልጊዜ ተዘግቶ የሚውለውን ሁለተኛውን መዝጊያ መቀርቀሪያ ነቀለችና እስከ ግድግዳው ወለል አድርጋ ከፈተችው። ከዚያ ከደጃፉ ፈቀቅ ብላ ቆመችና ለእህቷ በእጇ «እንደገና ንገሪው» አለቻት።