ከምሰሶው እስከ ምድጃው

ልጃችሁን ከቤት ምሰሶ ጋር አስራችሁ፣ በር ዘግታችሁ እርሻ ሄዳችሁ ታውቃላችሁ? ካላወቃችሁ በሸዋረግ ላይ ለመፍረድ አትቸኩሉ። በመካነ ሰላም ዙሪያ ባለው ደጋ፣ ነሐሴ ገብቶ አረም ሲበረታ፣ ድክ ድክ የሚል ልጅ ይዛ ረዳት ያጣች ሴት ሁሉ ታደርገዋለች። እናቷ አድርገውታል፤ የእናቷም እናት አድርገውታል። ጮክ ብሎ የሚያወራው ግን የለም። «ልጅቷን ለማን ተውሻት?» ሲባሉ «ቤት ናት» ይላሉ፤ በዚያው ያበቃል።

ሸዋረግ እስካሁን አማቷ ነበሩላት። ዘንድሮ ግን ወረኢሉ ያለችው ሴት ልጃቸው ወለደችና ሊያርሷት ሄዱ። በሄዱ በሳምንቱ የጎረቤታቸው የአለኸኝ ስንዴ በወንፈል የሚታረምበት ማክሰኞ ደረሰ። ወንፈል ደግሞ ቀልድ አያውቅም፤ ዛሬ ለሰው ያላረመ ነገ የሚያርምለት የለም። የሸዋረግና የባሏ የአካሉ ተራ ሐሙስ ነበር። ስንዴያቸው በሲናር ተውጦ፣ ከሩቅ ላየው የቱ እህል የቱ አረም እንደሆነ አይለይም። ሐሙስ ካለፈ ሲናሩ ያፈራል፤ ካፈራ ዘሩ ይረግፋል፤ ዘሩ ከረገፈ ለከርሞም መከራ ነው።

ልጅ ይዞ ማሳ መምጣት ተከልክሏል። የከለከሉት የወንፈሉ መሪ አያ ውበቱ ናቸው። «አምና በልጅ ማጥባት ስም ግማሹ ቀን በወሬ አለቀ» አሉ፤ ማንም አልተከራከራቸውም። አምና የተወራውን ወሬ አብዛኛውን ያወሩት እሳቸው እንደነበሩ ሁሉም ያውቃል።

ማክሰኞ ጠዋት ጉሙ ደጃፉ ድረስ ገብቶ፣ ቤቱ ውስጥ ዓይን ቢወጉ አይታይም ነበር። ሸዋረግ መቀነቷን ከወገቧ ፈታች። ትህትና ዓመት ከስምንት ወሯ ነው፤ የተከደነ ሁሉ የምትከፍት፣ የቆመ ሁሉ የምትጥል ልጅ። የመቀነቱን አንድ ጫፍ ከምሰሶው፣ ሌላውን ከልጅቷ ወገብ አሰረችው። ልኩን እጇ ያውቀዋል፤ ምድጃው ዘንድ ለመድረስ ሁለት ክንድ ሲቀር ይወጠራል። እሳቱን በአመድ አዳፈነች፤ ቂጣ ቆርሳ ልጅቷ ፊት አኖረች።

«እማ፣ እኔም!» አለች ትህትና፣ እጇን ዘርግታ።

«መጣሁ የኔ እናት፣ አሁን መጣሁ።»

ውሸት ነበር። እስከ ዘጠኝ ሰዓት አትመጣም።

ማሳው ከሸለቆው ማዶ ነው። ሃያ ሰው ያህል በየትልሙ ጎንበስ ብሎ፣ ካፊያው ጀርባ ጀርባውን እያለው ያርማል። ሸዋረግ ከጎረቤቷ ከፋጢማ ጎን ትልም ያዘች። ትንሽ ሄደች፣ ቀና አለች፣ ጉም እንጂ ሌላ ወደማይታይበት ወደ ቤቷ አቅጣጫ አየች፣ አጎነበሰች፣ እንደገና ቀና አለች።

«አንቺ!» አለች ፋጢማ። «ሲናሩን ትተሽ ስንዴውን እየነቀልሽው ነው እኮ! አለኸኝ ቢያይሽ አንቺኑ ነቅሎ ይጥልሽ ነበር።»

«እንቅልፍ አጥቼ ነው።»

«ማን ተኝቶ ያደረ አለ ብለሽ! የኛ ቆርቆሮ እንደ ወንፊት ሲያፈስ፣ ያለኝን ድስት ሁሉ ደርድሬ አደርኩ። ባሌ መሀል ቤት ዋና ልማር ነው ይላል።»

«የኛም ምድጃው ላይ ነው የሚያፈሰው። እሳቱን እያጠፋ ሲያስቸግረን ትናንት አመሻሽ ላይ አካሉ ጉልቻውን አንስቶ ወደ ምሰሶው...»

የያዘችውን አረም ጣለችው።

ጉልቻው ተነስቷል። ወደ ምሰሶው ተጠግቷል። ጠዋት እሳቱን በአዲሱ ቦታ አዳፍና፣ መቀነቱን በድሮው ልክ አሰረችው! ከላይ ሲያዩት አመድ ብቻ ነው፤ ከስሩ ረመጥ አለ። ትህትና ደግሞ የተከደነ ነገር አትወድም።

ሸዋረግ ተነስታ ቆመች። «አያ ውበቱ፣ ቤት ደርሼ ልምጣ።»

«ምን ረስተሽ?»

«ልጅ።»

አንድ ሰው ሳቀ። አያ ውበቱም ጉልበታቸውን ይዘው ቀና አሉ። «ልጅ ይረሳል እንዴ? ቤት ናት አላልሽም? ቤት እግር የለው፣ አይሄድ!» ሳቁ በረከተ። «ደንቡን ታውቂዋለሽ። ቀን ሳይመሽ ጥለሽ ከሄድሽ የሐሙስ ተራችሁ ወደ መጨረሻ ይገፋል።»

«አካሉ!» ብላ ተጣራች፤ ባሏ ከላይኛው ትልም ላይ ነበር። «ጉልቻው! ጉልቻውን አንስተኸው የለም!»

ገባው። ፊቱ ሲለዋወጥ በዓይኗ አይታለች፤ ይህን ማንም አይክዳትም። መጀመሪያ አያ ውበቱን አየ፣ ቀጥሎ ሰዉን፣ ቀጥሎ የገዛ እጁን። «በይ ቶሎ ደርሰሽ ተመለሽ» አለና አጎነበሰ። እህሉ ቢቃጠል ይሮጥ ነበር። ለልጅ መሮጥ ግን የሴት ሥራ ነዋ! ይህን ማን አስተማረው? ማንም። ከማንም ሳይሰማ የሚያውቀው ነገር ነው፤ እንዲህ ያለው ነገር ነው ደግሞ ለመንቀል የሚያስቸግረው።

«ያረቢ! ምን ትቆሚያለሽ? ሩጪ!» አለች ፋጢማ። «ትልምሽን እኔ እይዘዋለሁ።»

ሮጠች። ጭቃው አንድ ጫማዋን ዋጠው፤ ሁለተኛውን ራሷ ወረወረችው። ጠዋት ተራምዳው ያለፈችው ጅረት ሞልቶ ወገቧ ደረሰ፤ ድንጋይ ይዛ፣ ሥር ይዛ ወጣች። ዳገቱ ላይ ትንፋሿ ሲቆራረጥ የልጅቷን ለቅሶ ትሰማ እንደሆነ ብላ ጆሮዋን ጣለች። ምንም የለም። ብታለቅስ ይሻል ነበር። ዝምታው ነው ያሳበዳት።

በሩን ገፍታ ገባች። ትህትና አመዱ መሀል ተቀምጣለች። ቀኝ እጇን ከሰውነቷ አርቃ፣ የሰው ዕቃ እንደያዘ ሰው፣ ትኩር ብላ ታየዋለች። አልቅሳ አልቅሳ ድምፅዋ አልቋል። እናቷን ስታይ አፏን ከፈተች፤ የወጣው የሻከረ ትንፋሽ ብቻ ነው። ሦስት ጣቶቿ ቆዳቸው ተነስቶ ውሃ ቋጥረዋል። መቀነቱ ገና አልተወጠረም ነበር።

እጇን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነክራ አቆየችው፤ ከዚያ ልጅቷን አዝላ ጤና ኬላው ድረስ በዝናብ ሄደች። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ሄለን ጣቶቹን ለየብቻ ጠቀለለቻቸው። «እንዳይጣበቁ ነው። ይድናሉ፤ ግን በየሁለት ቀኑ ታመጫታለሽ» አለች። መዝገቧን ስባ፣ «ማን ጋ ነበረች?» ስትል ጠየቀች።

«ቤት ናት» የሚለው ምላሷ ላይ ነበር። ዋጠችው። «አስሬያት ሄጄ ነበር» አለች።

ሄለን ብዕሯን አስቀመጠች። አልተቆጣቻትም። «በዚህ ክረምት እሳት አቃጥሏቸው ከመጡልኝ ልጆች አምስተኛዋ ናት። ከአራቱ እናቶች አንዷም እንዳንቺ አልነገረችኝም። ሁሉም 'ወድቆ ነው' ነው የሚሉኝ።»

«ሁሉም ወደቁ?»

«ሁሉም።»

ሸዋረግ ወደ ቤት ስትመለስ ሩጫ ቀረሽ ትራመድ ነበር። ፍርሃት መሰላት። ዳገቱን ጨርሳ ስትቆም ግን ንዴት እንደሆነ አወቀችው። አምስት ልጅ! አምስት እናት ለየብቻዋ አስራ፣ ለየብቻዋ ዋሽታ፣ ለየብቻዋ አልቅሳ!

ሐሙስ ጠዋት የወንፈሉ ሰው ተሰበሰበ። ሸዋረግ ትህትናን አዝላ መጣች። አያ ውበቱ ዛሬ የሚታረመው ከነሱ ቀጥሎ ተረኛ የነበረው የካሳ ማሳ መሆኑን፣ የነአካሉ ተራ ወደ መጨረሻ መገፋቱን ተናገሩ። አካሉ መሬት መሬቱን አየ።

«ይገፋ» አለች ሸዋረግ። «አንድ ነገር ግን ልናገር። በየቀኑ ከመካከላችን አንዲት ሴት ትቅር። የሁላችንንም ሕፃናት አንድ ቤት ሰብስባ ትጠብቅ። ቀኗም ካረመው ሰው እኩል ይቆጠርላት።»

አያ ውበቱ ዓይናቸው እንባ እስኪያወጣ ሳቁ። «ሰማችሁ? ቁጭ ብላ የዋለችው፣ አጎንብሳ ከዋለችው እኩል! ከዚህ በኋላ ማን ያርማል ታዲያ? ሁሉም ጠባቂ ነኝ ይላል!»

«ልጅቷ ምን ሆና ነው የተጠቀለለችው?» አለች አንዲት ሴት ከኋላ።

«አስሬያት ሄጄ ተቃጠለች» አለች ሸዋረግ፣ ሁሉም እንዲሰማ። «አልወደቀችም። አስሬያት ነው።»

ሴቶቹ ዓይን ለዓይን ተያዩ። ፋጢማ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች፣ ለቀቀች። «የኔም አምና አልወደቀም» አለች በቀስታ።

«ሸዋረግ፣ በቃ፣ ቤታችን እንነጋገራለን» አለ አካሉ።

«ቤታችን ስንነጋገር ኖርን፤ ምን አመጣ?»

አካሉ አንገቱን ሳያቀና፣ «ጉልቻውን ያነሳሁት እኔ ነኝ። ልኩ እንደሚለወጥ አላሰብኩም» አለ። እንዲህ ያለ ነገር ከአፉ ይወጣል ብሎ የጠበቀ አልነበረም፤ እሱም ጭምር።

«ሥራ ልንጀምር ነው!» ብለው አያ ውበቱ ዞሩ።

ሸዋረግ ትልሙን ተሻግራ ፊታቸው ቆመች። «አይጀመርም። አያ ውበቱ፣ ሰኔ ላይ በእርሻው ወንፈል ወገቤን አሞኛል ብለው ስምንት ቀን ጥላ ስር ተቀምጠው በሬ ጠብቀዋል። ስምንቱም ቀን ካረሰው እኩል ተቆጥሮልዎታል፤ እኔም ባሌም አብረን ቆጥረንልዎታል፣ አልነፈግንዎትም። እንግዲህ ይመልሱልኝ። ለኔ ብቻ አይደለም፣ እዚህ ለቆሙት ሴቶች ሁሉ፣ ጮክ ብለው፦ በሬ መጠበቅ ሥራ ከሆነ፣ ልጅ መጠበቅ ሥራ የማይሆነው በምን ሕግ ነው? ይናገሩ፤ ሰዉ እየሰማዎት ነው።»